ያተማችሁት መጠይቅ ግማሹ ቀርቷል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እዚህ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ጋዜጣችሁን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀባብለን ነው የምናነበው። መጀመሪያ ስፖርቱ ይነበባል፣ ቀጥሎ የሥራ ማስታወቂያው፣ ከዚያ የተረፈው። ሰሞኑን ግን በወጣቶች ገጽ ላይ ያወጣችሁት «የእርስዎ ስብዕና የትኛው ነው?» የሚለው መጠይቅ ስፖርቱንም ቀደመው። ጋዜጣው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ በቀይም በሰማያዊም እስክሪብቶ ተሰርዞ ተደልዞ የምሞላበት ቦታ አጣሁ።

ፊዚክስ የሚያስተምረው ባልደረባችን «አሳቢ» የሚል ወጣለት። የባዮሎጂዋ መምህርት ወዲያው «እሱንማ ሳትፈተንም እናውቃለን፤ የቡና ሒሳብ ሲመጣ ማሰብ ትጀምራለህ» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ አልጠላም። እንዲያውም ቡና ሲፈላ ከፖለቲካ ይሻላል። ስለዚህ ለምን አወጣችሁት ብዬ ልወቅሳችሁ አይደለም የምጽፈው። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ጥያቄውን አወጣችሁ፣ ውጤቱን አወጣችሁ፣ ውጤቱ እንዴት እንደሚነበብ ግን አንድ መስመር አልጻፋችሁም። «አብዛኛው መልስዎ ሀ ከሆነ እርስዎ እንዲህ ነዎት» ብላችሁ ተዋችሁት። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ እዚህ ከጨዋታ ካለፈ ቆይቷል።

ተማሪዎቼን ልንገራችሁ። ኤም.ቢ.ቲ.አይ የሚሉትን የስብዕና ፈተና ሊንክ በቴሌግራም ይላላካሉ፣ ይሞሉታል፣ ከዚያ የወጣላቸውን አራት ፊደል ፕሮፋይላቸው ላይ ከስማቸው ሥር ይለጥፋሉ። ከኮሪያ ድራማና ከኮሪያ ዘፋኞች ጋር አብሮ የመጣ ይመስለኛል፤ እዚያ ወጣቶች ሲተዋወቁ ከስም ቀጥሎ እነዚህን ፊደሎች መጠያየቅ የተለመደ ነው። የእኛዎቹም ተቀብለውታል። አንዱን የቤት ሥራውን ለምን አልሠራህም ስለው «ቲቸር እኔ እኮ ፒ ነኝ» አለኝ። ፒ ማለት በእነሱ አነጋገር ነገሮችን አስቀድሞ ማቀድ የማይወድ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ዜሮ ሰጪ ነኝ አልኩት። ሳቀ፣ በማግስቱ ግን ሠርቶ መጣ።

እስከዚህ ድረስ ምንም አይደለም። የሚያስቆጣኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

የታላቅ እህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት። ዲፓርትመንት የምትመርጥበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ሕግ ነው የምትለው። አንድ የሥልጠና ማዕከል፣ ስሙን አልጠራም፣ «የስብዕና ምርመራና የሙያ ምክር» ብሎ ማስታወቂያ ለጥፎ አየችና ከጓደኞቿ ጋር ከፍላ ሞላች። ቀለም ያለው ወረቀት አተሙና ሰጧት። «አንቺ ኢንትሮቨርት ነሽ፣ ሕግ አይሆንሽም፣ አካውንቲንግ ወይም ላቦራቶሪ ያዋጣሻል» ብለውም ነገሯት። ኢንትሮቨርት የሚሉት ብቻውን መሆን የሚቀናውን ዝምተኛ ነው፤ ተቃራኒው፣ ሰው መሀል የሚነቃቃው፣ ኤክስትሮቨርት ይባላል። ልጅቱ እቤት ስትገባ ፊቷ ተቀይሯል። እህቴ ደግሞ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች፤ ኮምፒውተር ያወጣው ነው፣ ኮምፒውተር አይዋሽም ባይ ናት።

«እታለም፣ እስቲ ወረቀቱን አምጪው» አልኳት።

አየሁት። ከላይ በትልቁ አራት ፊደል። ከሥር አንድ አንቀጽ ምስጋና የሚመስል ነገር። ከዚያ በታች፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ ማንም ያላየው አራት መስመር ቁጥር። የመጀመሪያው «ኢንትሮቨርት 53 በመቶ፣ ኤክስትሮቨርት 47 በመቶ» ይላል።

«ጋሼ፣ ምን ይላል?» አለችኝ ልጅቱ።

«መሀል ላይ ነሽ ይላል» አልኳት። «ሌላ ምንም አይልም።»

ይሄን ነው እናንተም ያልጻፋችሁት። ትንሽ ላብራራው፤ ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ቁጥር ካየሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ወጣቶቹ ኤም.ቢ.ቲ.አይ የሚሉት ባለአራት ፊደሉ ፈተና የሥነ ልቦና ሊቃውንት ተሰብስበው ያወጡት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የሠሩት ካትሪን ብሪግስና ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ የሚባሉ አሜሪካውያን እናትና ልጅ ናቸው። ሁለቱም በሥነ ልቦና የሠለጠኑ አልነበሩም። እናትየው ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ሰዎች ዓይነት ያሳተመውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሲወጣ አገኘችና ተመሰጠችበት። ልጅየዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ወንዶቹ ሲዘምቱ ብዙ ሴቶች ፋብሪካ ይገቡ ነበርና፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ሥራ ለማግኘት ይረዳል ብላ ሐሳቡን ወደ መጠይቅ ቀየረችው። ሐሳባቸው ቅን ነበር፣ ዕድሜያቸውንም ሰጥተውበታል። በዚህ አልቀልድም።

መጠይቁ አራት ነገር ይጠይቃል። ሰው መሀል ሲሆን ነው የምትነቃቃው ወይስ ብቻህን ስትሆን? የሚታይ የሚዳሰሰውን ነው የምታምነው ወይስ ገና የሚመጣውን ማሰብ ይቀናሃል? ስትወስን ሎጂኩን ታስቀድማለህ ወይስ የሰዎቹን ስሜት? ቀንህ በዕቅድ ቢያዝ ይሻልሃል ወይስ እንደመጣ ቢሆን? ለእያንዳንዱ ሁለት ምርጫ አለ፣ ለየምርጫውም አንድ ፊደል። ሁለት ሲባዛ ሁለት ሲባዛ ሁለት ሲባዛ ሁለት፣ 16። 16ቱ የሰው ዓይነቶች የሚባሉት ከዚህ ነው የመጡት። ሌላ ምሥጢር የላቸውም።

ችግሩ ያለው መሀል ላይ ነው። ሰው በእነዚህ ነገሮች ሁለት ቦታ ተከፍሎ አልተቀመጠም። ብዙው ሰው ያለው መሀል አካባቢ ነው፤ ጫፍ ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው። ፈተናው ግን መሀሉ ላይ መስመር አስምሮ ከዚህ ወዲህ ያለኸው እንዲህ ነህ፣ ከዚያ ወዲያ ያለኸው እንዲያ ነህ ይላል። ይሄንን በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ እናየዋለን። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። 49 ያመጣውና 51 ያመጣው አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣ አንድ ደብተር የተዋዋሱ ልጆች ናቸው፤ አንዱ አለፈ፣ አንዱ ወደቀ ይባላል። 51 ያመጣውና 92 ያመጣው ደግሞ ሁለቱም «አለፉ» ናቸው። ቁጥሩን የማያይ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቁ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ ይሄዳል። የእህቴ ልጅ 53 እና አንድ ወር ሙሉ ሰው ሳያናግር ደስ ብሎት የሚኖር ሰው 95 አንድ ፊደል ነው የሚሰጣቸው።

ራሱ ዩንግ እንኳ ፍጹም ኢንትሮቨርት ወይም ፍጹም ኤክስትሮቨርት የሚባል ሰው የለም፣ ቢኖር ቦታው የአእምሮ ሆስፒታል ነው እስከማለት ደርሷል። የሐሳቡ ባለቤት ያላለውን ነው እኛ ፕሮፋይል ላይ የምንለጥፈው።

መስመሩ መሀል ላይ መሆኑ ሌላም ጣጣ አለው። መሀል ያለ ሰው ዛሬ ሁለት ጥያቄ ለየት አድርጎ ቢመልስ ፊደሉ ይቀየራል። ይህን ፈተና ከአምስት ሳምንት በኋላ ድጋሚ በወሰዱ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሉ፤ በአንዳንዶቹ ግማሽ የሚሆነው ሰው ቢያንስ አንድ ፊደሉ ተቀይሮበታል። ሰዎቹ በአምስት ሳምንት ጠባያቸው አልተለወጠም። እንቅልፍ አጥተው፣ ወይም ከሰው ተጣልተው፣ ወይም በተቃራኒው ደመወዝ ገብቶ ደስ ብሏቸው ሞልተውት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ የሚነግረን በዚያች ሰዓት ስለራሳቸው የመለሱትን ነው።

«ታዲያ ለምን ልክ እኔን ነው የሚለው?» ይሉኛል ተማሪዎቼ። ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ደስ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር 39 ተማሪዎቹን የስብዕና ፈተና ፈተናቸው። ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው «ይሄ ያንተ ነው፣ ይሄ ያንቺ ነው» ብሎ ስማቸው ያለበት ወረቀት አደለ። ምን ያህል ይገልጻችኋል ብሎ ከአምስት ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ ነገሩ ተገለጠ። ሁሉም ላይ የተጻፈው አንድ ነበር። «ሰዎች እንዲወዱህ ትፈልጋለህ፤ ራስህን ትተቻለህ፤ ገና ያልተጠቀምክበት ችሎታ አለህ፤ ከውጭ የተረጋጋህ ብትመስልም ውስጥህ ይጨነቃል» ዓይነት ነገር። ይህ የማይገልጸው ሰው አለ እንዴ? ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ረዳቱም ሾፌሩም ስለኔ ነው የሚሉት። ፎረር አብዛኛውን ዓረፍተ ነገር ያገኘው ደግሞ ከመንገድ ዳር ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር።

ኮከብ ቆጠራ ስል ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር መንገሬ አይደለም። እኛ ሀገር የሰውየው ስምና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ይደመራል፣ በ12 ይገደፋል፣ የተረፈው ኮከቡ ይሆናል። ኮከብህ አሰድ ነው፣ ባሕርይህ እሳት ነው ይባላል። (እግረ መንገዴን ልናገር፣ ይሄ በሒሳብ ቀሪ የምንለው ነው፤ ተማሪዎቼ ቀሪ ያለው ማካፈል ሲከብዳቸው አንዳንዴ በዚህ አስተምራቸዋለሁ፣ ወዲያው ይገባቸዋል።) አያቶቻችን ሙሽራና ሙሽሪት ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ ያስቆጥሩ ነበር። ዛሬ «የኋላ ቀር ነገር» እያለ የሚስቅባቸው ወጣት አራት ፊደሉ ከእጮኛው ጋር አይገጥምም ብሎ ሲጨነቅ ሳይ ምን እንደምል ይቸግረኛል። ቢያንስ የአያቶቻችን የእናትን ስም ይጠይቅ ነበር።

ሁለቱ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። መጠይቁ አንተው የመለስከውን ነው መልሶ የሚነግርህ፤ ብዙ ጊዜ ከሰው ጋር መቀላቀል አልወድም ብለህ ከሞላህ ዝምተኛ ነህ ይልሃል። ይሄ ከኮከቡ የተሻለ መሠረት አለው። ግን ወረቀቱን ስታነብ ሁለት ነገር ለይ፦ አንደኛው ለማንም የሚሆነው ማር ማሩ ነው። ሌላው ካንተ ሌላ ሰው ሲያነበው «ይሄስ እኔን አይደለም» የሚልበት ነው። የመጀመሪያውን ዝለለው። ሁለተኛውን ያዘው።

ሌላ የረሳችሁት ነገር ጥያቄዎቹ ራሳቸው ናቸው። መጠይቃችሁ ሦስተኛው ላይ «ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ግብዣ ላይ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ጨዋታ ይጀምራሉ ወይ?» ይላል። እኔ ምን ልመልስ? እኛ ጋ ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥና ሰርግ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ እኩል አይታይም። ማኅበር ላይ ከጎንህ የተቀመጠውን የማታውቀውን ሰው ሳታጫውት ብትወጣ ነውር ነው፣ ኢንትሮቨርትም ሁን ምንም ሁን። አባቱ ፊት ሲቀርብ አንገቱን ደፍቶ «አቤት» ብቻ የሚል ልጅ አለ፣ ጨዋ ነው ይባላል። ያው ልጅ ማታ አውቶፓርኮ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ብታዩት ከሁሉ በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። የትኛውን ያስብ ሲሞላ? አብዛኛው ልጅ መሆን የሚፈልገውን ነው የሚሞላው። አንዲት ተማሪዬ ስልኳ ላይ ስትሞላ ጓደኛዋ በትከሻዋ ላይ እያየች «ኧረ ባክሽ! አንቺ መቼ ነው ቁጡ ያልሆንሽው? አጥፊው!» ስትላት ሰምቻለሁ። ተከራከሩ፣ አጠፋችው፣ መልሳ ሞላችው። ለእኔ ከውጤቱ ይልቅ ያ ክርክር ብዙ ይናገራል።

አሁን ወደ ሥራ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነገሩ እንጀራ ይነካል።

ያስተማርኩት አንድ ልጅ አለ። ዲግሪውን በማርኬቲንግ ይዟል። አንድ የግል ድርጅት ለሽያጭ ሥራ አወዳድሮ፣ የጽሑፍ ፈተናውን አልፎ፣ መጨረሻ ላይ በስልኩ ሊንክ ላኩለትና ሙላ አሉት። ሞላ። «ኢንትሮቨርት ለሽያጭ አይሆንም» ተባለና ቀረ።

ይሄን ልጅ ቅዳሜ ገበያ ከእናቱ ጋር እህል ሲሸጥ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ገበያን ለምታውቁት መናገር አያስፈልገኝም፤ ግራና ቀኝ ጆሮ እስኪደነቁር ይጠራል፣ ይጎተታል፣ ይማላል። እሱ ከደንቢያ የመጣውን ሽምብራ ዘርግቶ ጆንያው አጠገብ ዝም ብሎ ይቆማል። ገዢው ሲመጣ አይጎትተውም። እፍኝ ያነሳና መዳፉ ላይ ያፈስለታል፣ እንዲያየው፣ እንዲያገላብጠው። ዋጋውን አንዴ ይናገራል። ገዢው ይወርዳል፣ እሱ ዝም። ገዢው ትንሽ ይሄዳል፣ እሱ ዝም። ይመለሳል፣ ትንሽ ይጨምራል፣ እሱ አሁንም ዝም። በመጨረሻ ይሰፈርልኝ ይላል። ዝም አይነቅዝም የሚባለውን እኔ በዓይኔ ያየሁት እሱ ጋ ነው። ይሄንን ልጅ ነው ለሽያጭ አይሆንም ያሉት።

አዳም ግራንት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት በስልክ የሚሸጡ ሠራተኞችን አይቶ፣ ብዙ ገቢ ያስገቡት በጣም ተጫዋቾቹም በጣም ዝምተኞቹም እንዳልሆኑ አግኝቷል። መሀል ላይ ያሉት ናቸው የበለጡት። ማለትም ፈተናው በግድ ወደ አንድ ጎን የሚገፋቸው ሰዎች።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የኤም.ቢ.ቲ.አይ ባለቤቶች ራሳቸው ፈተናውን ሰው ለመቅጠር ወይም ላለመቅጠር መጠቀም ተገቢ አይደለም ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ራስን ለማወቅና ከሰው ጋር ለመግባባት እንጂ ሰው ለመምረጥ አልተሠራም። ሠሪው ለዚህ አይሆንም ያለውን ዕቃ እኛ ለዚያው እንጠቀምበታለን። እነዚያ ቀጣሪዎች ፈተናውን የኢንተርኔት ሊንክ ላይ በነጻ ከማግኘት አልፈው አንዲት ገጽ ቢያነቡ ይህን ያገኙት ነበር።

አመል በፍጹም አይለካም ማለቴም አይደለም። ተመራማሪዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት ሌላ መለኪያ አለ፤ አምስቱ ታላላቅ ባሕርያት ይሉታል። አዲስ ነገር ለማወቅና ለመሞከር ያለን ጉጉት፣ ጠንቃቃነትና ሥራን በሰዓቱ መጨረስ፣ ተጫዋችነት፣ ከሰው ጋር መስማማት፣ አምስተኛው ቶሎ መጨነቅ ወይም መረበሽ። ይሄኛው ሰውን በዓይነት አይከፍልም። በየአንዳንዱ ከዚህ እስከዚህ የት አካባቢ ነህ ነው የሚለው፣ ያውም ከሌሎች ሰዎች ጋር አስተያይቶ። «አንተ እገሌ ነህ» የሚል ስም አይሰጥህም፤ ለፕሮፋይልም አይመችም፣ ለዚህ ይመስለኛል ወጣቱ ያልወደደው። ብዙ ልጆች የሚሞሉት 16 ፐርሰናሊቲስ የሚባለው ድረ ገጽ እንኳ ፊደሎቹን ከኤም.ቢ.ቲ.አይ ይውሰድ እንጂ አለካኩን ወደ እነዚህ አምስቱ አስጠግቶ ነው የሠራው። በመቶኛ የሚያሳየው ለዚህ ነው። ልጆቹ ግን መቶኛውን አልፈው ፊደሉን ይቀዳሉ።

ሥራ ላይ ማን ይሻላል ለሚለው ከአምስቱ በየሙያው በተደጋጋሚ የሚረዳ ሆኖ የተገኘው ጠንቃቃነቱ ነው። እሱም ቢሆን ብቻውን አይወስንም። ሌላው ደስ የሚለኝ ነገር፣ ሰው በዕድሜ እየገፋ ሲሄድ በአማካይ ጠንቃቃነቱና ከሰው መስማማቱ ይጨምራል፣ መረበሹ ይቀንሳል። አመል ያወጣል ከመሀል እንል የለ? አመሉ ግን እንዳለ የሚቆይ ነገር አይደለም። በ19 ዓመቷ የሞላችው ወረቀት የ40 ዓመቷን ሴትዮ ሊወስንባት አይገባም ያልኩትም ለዚህ ነው፤ እህቴን ያሳመናት ይኼኛው ነው። «እኔስ በ19 ዓመቴ ሰው ፊት መናገር መቼ ችዬ ነበር» አለች። አሁን የዕድራቸው ገንዘብ ያዥ ናት፤ መዋጮ ያላመጣ ሰው ካለ በስብሰባ መሀል በስሙ ጠርታ ነው የምታስነሳው።

ወረቀቱ ከማቀዝቀዣው ላይ ተነስቷል። ልጅቱ ምን እንደመረጠች ግን አልነግራችሁም፣ የሷ ጉዳይ ነው። ደግሞ ብትመርጥስ? የሚያስመድባት ውጤቷ ነው።

ታዲያ ፈተናው ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። እኔን ክፍል ውስጥ ጠቅሞኛል። ድሮ ሰሌዳው ላይ ጥያቄ እጽፍና እጁን ቀድሞ ላወጣው ዕድል እሰጥ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚያወጡት እነዚያው ናቸው። እነዚህ ልጆች ስለ ኢንትሮቨርት ሲያወሩ ሰምቼ ማሰብ ጀመርኩ። አሁን ጥያቄውን ጽፌ ትንሽ ዝም እላለሁ፣ ሁሉም ደብተሩ ላይ ይሞክራል፣ ከዚያ ነው የምጠይቀው። ከኋላ የሚቀመጡት፣ ድምፃቸውን ሰምቼው የማላውቅ፣ ትክክለኛውን መልስ ጽፈው ሲያሳዩኝ ነበር የደነቀኝ። ይሄን ለማድረግ ማን ኢንትሮቨርት እንደሆነ ማወቅ አላስፈለገኝም። ሰው ሁሉ እንደኔ እንደማያስብ ማወቅ ብቻ በቂ ነበር። ፈተናው ለዚህ ይሁን። ባልና ሚስት ለምን እንደሚጋጩ ቁጭ ብለው ለማውራት መነሻ ከሆናቸው ይሁን። አንዷ ከሥራ ስትገባ ጭር ያለ ቤት ትፈልጋለች፣ አንዱ ደግሞ ያየውን ሁሉ ሲያወራ ማምሸት፤ ይሄን በአራት ፊደልም ቢሆን ቢነጋገሩት ዝም ብሎ ከመኮራረፍ ይሻላል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የሚቀጥለውን መጠይቅ ስታወጡ «አብዛኛው መልስዎ ሀ ከሆነ» ማለቱን ተዉና ነጥቡን ከዜሮ እስከ መጨረሻው በመስመር አስቀምጡት፣ ሰው የት ላይ እንዳለ በጣቱ ያሳይ። መሀል ላይ ያለውን «መሀል ነዎት» በሉት፣ አይከፋውም። ከመጠይቁ ሥር «ይህ ለመቅጠሪያና ለትምህርት ምርጫ አያገለግልም» ብላችሁ በደማቁ ጻፉ፤ ቦታ ካጠረ የእኔን ደብዳቤ ቀንሱት። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሁለት ቦታ የሚሞላ አድርጉት፦ አንዱን ሰውየው ራሱ፣ ሌላውን የሚያውቀው ሰው እንዲሞላለት። ልዩነቱ ላይ ሰዎች ብዙ ያወሩበታል፣ ጋዜጣውም ሁለት ሁለት ይሸጣል።

የፊዚክሱ መምህር በዚህኛው ጉዳይ ቅር ብሎታል፤ እሱ «አሳቢ» መባሉን ወዶታል። ያም ሆኖ የቡናውን ሒሳብ እስካሁን አልከፈለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር
ከጎንደር፣ ማራኪ